የማሽኑ ትምህርት ቤት

«አጎቴ፣ እሱን ከጆሮህ ላይ አውርደው።»

አጎቷ አልሰማም። እንዴትስ ይስማ? የሟች ወንድሙን የጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ፣ የሟች ወንድሙን የብረት መፈለጊያ ማሽን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለችው የአትክልት መደብ ላይ አጎንብሷል። በማሽኑ ጫፍ ያለውን ክብ ሳህን መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አውርዶ እንደ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ይነዳዋል። የለበሰው ጥቁር ኮት ራሱ የሟቹ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች በኪራይ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው በዝግታ ያወራሉ።

የሟቹ ልጅ የያዘችውን የሻይ ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠች። በኋላው ዞረችና የማዳመጫውን ገመድ ከማሽኑ ላይ ነቀለችው።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጢጥ!

ድምፁ ቤቱን ዞሮ ፊት ለፊት ደረሰ። ወሬው ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ልማድ ሆኖባት፣ «ጋሽ ጢጥ መጣ» አለችና ያለችው ሲገባት አፏን በእጇ ከደነች።

ሰፈሩ አባቷን የሚጠራው በዚህ ስም ነበር።

«ምን ሆነሻል? ሰው አስደነገጥሽ እኮ» አለ አጎቷ፣ ማዳመጫውን እያወለቀ።

«እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት? የወንድምህ አፈር ገና አልደረቀም፤ አንተ ጓሮውን ትበረብራለህ!»

«ቀስ በይ። ለራሴ ብዬ መሰለሽ? ላንቺው ነው። ነገ ሌላው መጥቶ ሳይቆፍረው ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች እንዴ! ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነዋ።» ወደ መደቧ ጠቆመ፤ ዓይኑ ያበራል። «ስሚ፣ እዚህ ላይ የማይጮህበት ቦታ የለም። ሰው ቲማቲም በሚተክልበት አባትሽ ወርቅ ተክሏል!»

ሳቅ መጣባት። ንዴቱ ቀደመው እንጂ ትስቅ ነበር።

«ቆርኪ ነው አጎቴ።»

«ምን?»

«የለስላሳ ቆርኪ። ምስማር። የማይሠራ ሳንቲም። እኔና እሱ ነን የቀበርነው፣ ልጅ ሆኜ። ማሽኑ የሚማርበት ነው።»

አጎቷ እንደ በሽተኛ አያት። «አንቺ ልጅ፣ ውጭ ብዙ ስለቆየሽ ሰው ሁሉ እውነቱን የሚነግርሽ ይመስልሻል» አለና ገመዱን መልሶ ሰካው።

አባቷ የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከማሽኑ ጋር የተዋወቀው በሥራው ነው፤ አስፋልት የዋጣቸውን የብረት ክዳኖች፣ ማን መቼ እንደቀበራቸው የማይታወቅ ቱቦዎችን ይፈልግበታል። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ገዝቶ ስለነበር አሮጌውን ለመታሰቢያ ሰጡት። ከዚያ በፊትም ግን በእረፍት ቀን ማሽኑን በትከሻው፣ እሷን በእጁ ይዞ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ አሮጌው የገበያ ሜዳ ይወጣ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። የየትኛው ንጉሥ መልክ እንዳለበት የማይለይ ሳንቲም፣ ጓደኛው የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ የእግር ኳስ ሜዳ የዋጠው የጋብቻ ቀለበት ያገኛል። ቀለበት ሲያገኝ አያሳይም። ሰፈሩን እየዞረ «ቀለበት የጠፋበት አለ? ውስጡ ላይ ምን ተጽፏል?» ይላል። ያልመለሰ አይወስድም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የገዛ ሠርጋቸውን ቀን ረስተው፣ ሚስታቸውን ይዘው እስኪመጡ ድረስ ከበር መልሷቸዋል። ይህን ታሪክ ለሰው ሲያወራ ሻዩ ይቀዘቅዝ ነበር።

መደቧን «ትምህርት ቤቱ» ይላት ነበር። ቆርኪውን አንድ ጣት፣ ምስማሩን አንድ መዳፍ፣ ሳንቲሙን እስከ ክርን ድረስ ቀብረው፣ በየላዩ ጠጠር ያስቀምጣሉ። እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እሱ ሳህኑን ይነዳል።

«ይሄ ምንድን ነው ጆሮዬ?»

«ምስማር!»

«ምስማር ያጉረመርማል፣ ጎበዝ። ይሄስ?»

«ሳንቲም።»

«ተሸወድሽ! ቆርኪ ነው። ቆርኪ ሳንቲም ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፁ ይሰበርበታል። ደግመሽ ስሚው።»

ወርቅን ያሰማት በእናቷ ቀለበት ነው። ወርቅ አይጮህም። ሊናገር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ዝቅ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ይመጣል።

የቆፈሩትን ሁሉ መልሰው ይሞላሉ። ይህ ሕጉ ነበር። በአካፋ አይደለም፤ አፈሩን በእጁ ይመልስና በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። በቀብሩ ዕለት ቆፋሪዎቹ አፈሩን በአካፋ ጀርባ ሲደበድቡት «በእጅ ነው!» ብላ ልትጮህባቸው ነበር። አልጮኸችም። ንዴቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ተቀምጧል።

*

የፋርማሲው እመቤት ኮሪደር ላይ ያዘቻት። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚጠራት፤ ፋርማሲስቱ ባሏ ቢሆንም ገንዘብ ተቀባይዋም ተቆጪዋም እሷ ናት። ቀብሩ ካለፈ ጀምሮ በየቀኑ መጥታ ከሁሉ የሚመቸው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ባሏ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይውላል።

«ልጄ፣ ያጥናሽ። አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ቀኑን ስጠብቅ ነበር» አለች፣ ክንዷን ጨብጣ።

«ምነው፣ በደህና?»

«ሙት አይወቀስም፣ አልወቅስም። ግን የእናቴ የአንገት ሐብል አባትሽ እጅ ቀርቷል። አጎትሽ ቆፍሮ ወስዶ ከሚሸጠው፣ አንቺ በጸጥታ ብትሰጪኝ ለስማችሁም ይሻላል።»

«አባቴ ሌባ ነበር እያሉኝ ነው?»

«እኔ እንዲያ ወጣኝ? አግኝቶ አልመለሰም ነው ያልኩት። የዚህን ስሙን አንቺ የተማርሽው ታውቂዋለሽ።»

ክንዷን አስለቅቃ ሄደች። የሚያናድደው ስድቡ ብቻ አልነበረም። በሄደችበት አገር ያስተማሯት አንድ ነገር ቢኖር መጠራጠር ነው፤ አሁን ትምህርቷ በገዛ አባቷ ላይ ዞረ። እሱ ወደዚያ ፋርማሲ አይገባም ነበር። ከውጭ ስትመለስ ያገኘችው እንዲህ ነበር፦ ደረቱ እያፏጨ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከሩቁ መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ይገዛል። «እዚሁ እያለልህ?» ስትለው «የነሱ ሽሮፕ ይመራል» ይላታል። ጠብ እስኪሆን ተከራክራዋለች። ታዲያ ሰው የማያፍርበትን በር ለምን ይሸሻል?

ወደ ማድቤት ገባች። ከእሷ ጥቂት የምትበልጥ ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታጥባለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ትሠራለች። ከቀብሩ ጀምሮ ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትሄዳለች። ፊት ለፊት ወጥታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ አባቴን እንዴት ነው የሚያውቁት?»

ሰፊዋ ብርጭቆውን ደፋችው። «በሌብነት» አለች።

ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«በኔ ሌብነት፣ የኔ እናት። አትደንግጪ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እዚያ ፋርማሲ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ አንቺ ውጭ ሳለሽ። የእመቤቲቱ ሐብል ጠፋ። ማን ወሰደው? ሌላ ማን ይኖራል! ሻንጣዬን መንገድ ላይ አወጡት። ፍራሼን ቀደዱት። የውስጥ ልብሴን ሳይቀር አንድ በአንድ እያራገፈች ለጎረቤት አሳየች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቅጠረኝ? ልብስ መስፋት የጀመርኩት ሰው ቤት መግባት ስለተከለከልኩ ነው።»

«አባቴስ?»

«በዓመቱ ግድም የግቢያቸው ቧንቧ ፈነዳ። መሥሪያ ቤቱ አባትሽን ላከ። ቱቦውን ሲፈልጉ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ማሽኑ ድምፅ ሰጠ። ቆፈሩ። ሐብሉ ነው። ራሷ ፀጉሯን ስትታጠብ አውልቃ ገንዳው ጠርዝ ላይ ያኖረችው። ጋሼ ምን አሏት መሰለሽ? ‹ልጅቷን አስጠሪና በሰው ፊት አልሰረቅሽም በያት፤ ከዚያ እሰጥሻለሁ።› እሷ ሳቀችባቸው። ‹የጠፋው ተገኘ፣ ነገሩ አለቀ› አለች። ‹አላለቀም› አሉና ኪሳቸው ከትተው ወጡ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ አልተናገረም?» ድምፅዋ ሳታውቀው ጮኸ። «ይህን ያህል ዘመን! ሐብሉን በላ ሲባል፣ ሲታማ፣ ለምን ዝም አለ?»

«እኔ ነኝ የለመንኳቸው። እርስዎ ቢናገሩ ‹ለሷ ብሎ ዋሸ› ይላሉ፣ ምን አላት ደግሞ ከሱ ጋር ይሉኛል። ከራሷ አፍ ይውጣ አልኳቸው። ‹እንግዲያው እስኪወጣ መሬት ይጠብቀው› አሉኝ። የት እንደቀበሩት አልጠየቅኩም። በማላውቀው ነገር ሁለተኛ ማንም አይጠረጥረኝም።»

«እና እሱም ሌባ ተባለ።»

«ተባሉ» አለች ሰፊዋ። ሌላ ብርጭቆ አነሳች። «ሁለት ሆንን። ብቻዬን ከመሆን ተሻለኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ቀን አልተማረሩብኝም።»

ልጅቱ በማድቤቱ መስኮት ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ አየች። የፋርማሲው እመቤት ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች። እንዲህ ያለ ዓይን እንዴት እንባ ያመነጫል? የገዛ ሐብሏ ይቅርብኝ አለች እንጂ አንዲት ቃል አላወጣችም።

«ያኔ ሌላ ማን ነበር? ሲቆፈር ማን አየ?»

«ባልየው። ቱቦው የት እንደሚያልፍ ሊያሳይ ቆሞ ነበር።»

ከበሩ አጠገብ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ በቀስታ ያዞራል።

*

በመጨረሻው ቀን፣ ወንበሮቹ በሚመለሱበት ዕለት፣ አጎቷ መደቧን ገለበጣት። ማን ይመልሰው? ሰው ፊት ለፊት «ነፍሱን ይማር» ሲል እሱ ከኋላ ዶማ ይዟል። ስትደርስ የቆርኪና የምስማር ክምር ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«ቆርኪ!» አለ፣ አንዱን እያነሳ። «ይህ ሰው ደህና ነበር? ጤነኛ ሰው ቆርኪ ይቀብራል?»

«ነገርኩህ።»

«ሰው እንዴት እንዲህ ይቀልዳል በወንድሙ!»

«ስላንተ ትዝም አላለውም። ና ተነሳ፣ ጉድጓዶቹን እንሙላ።»

«አንዴ፤ እዚያ ጥጉ ላይ አንዴ ብቻ» አለና ተነሳ። ማዳመጫውን ትቶታል፤ ጆሮው ሳይቃጠል አልቀረም። ሳህኑን የድሮዋ የእንጆሪ ተክል ወደነበረችበት ጥግ ገፋው። እዚያ እሷና አባቷ ምንም አልቀበሩም። ጠጠር የለበትም።

ማሽኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄኛውማ ሞቷል፣ ባትሪው ነው» አለ አጎቷ፤ ሊያልፈው ነበር።

«ቁም!» አለችው። «ደግመህ ንዳው።»

ነዳው። ዝቅ ያለ፣ ክብ፣ መጨረሻው ላይ የማይሰበር። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ይሄ ምንድን ነው ጆሮዬ?

«እዚያው ቁም። እንዳትነካው» ብላው ወደ ማድቤት ሮጠች።

«እትዬ፣ አገኘነው። ልጥራቸው?»

ሰፊዋ እጇን ከውሃው አውጥታ ጠረገች። በኋላ የእጅጌዋን ቁልፍ ዘጋች፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች።

«ጥሪያቸው» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ዞረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያመልጠዋል? አጎቷ ቆፈረ። ክርን፣ ከክርንም በታች። የወጣው ሣጥን አልነበረም፤ በሁለቱም ጫፍ የተደፈነ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ እንደሚደፍነው ውሃ እንዳያስገባ ተጠቅልሎ። አጎቷ ጥርሱን ነክሶ አንዱን ጫፍ ፈታ። ሐብሉ መዳፉ ላይ ወረደ። አልደበዘዘም፤ ትናንት የተገዛ ይመስላል።

«የእናቴ!» የፋርማሲው እመቤት ሰውን ገፍታ ወጣች። «ይኸው! ይኸው፣ ዓይናችሁ ይይ! እኔ ዝም ስል እውነት የሌለኝ መስሏችሁ ነበር። ከማን ጓሮ እንደወጣ አያችሁ?»

«እንዴት እዚህ እንደመጣ ይናገሩ» አለች ልጅቱ።

እመቤቲቱ ዞር ስትል ሰፊዋን አየቻት። ለአፍታ ያህል ፊቷ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር የታያት መሰለ፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ እሷ ሄደች።

«አንቺ ምስኪን!» አለች፣ ሁሉ እንዲሰማ። «ይቅር በይኝ! በሰው ፊት ነው የምልሽ፣ አልሰረቅሽም! እሱ ነው እንጂ! ያ ጢጥ የሚል ማሽኑን ይዞ ሰው ግቢ እየገባ፣ እሱ ነው ሁለታችንንም የበደለን!»

አጎቷ አፉን ከፍቷል። ልጅቱ ልትጮህ አየር ሳበችና ወደ ሰፊዋ ዞረች። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ይህን አልነበረም? ከራሷ አፍ፣ በሰው ፊት። አሁን አሜን ብትል ማን ይፈርድባታል? ሟቹ አይሰማ።

ሰፊዋ የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው። አልነካቻቸውም።

«አይ» አለች። «እንዲህ ከሆነስ እኔው ሌባ ልሁን።»

«ምን ትላለች ይህቺ? ንጹሕ ነሽ እያልኩሽ እኮ ነው!»

«ሰማሁ። በእሳቸው ላይ ቆሜ ንጹሕ አልባልም። እኔ ነኝ የሰረቅኩት በይ እንደ ድሮው። ለምጄዋለሁ።»

ሰው አጉረመረመ። ያኔ ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ፋርማሲስቱ ከፊት ግቢው ወንበሩን ይዞ ነበር የመጣው፤ ለመነሳት ሁለቴ ሞከረ። ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ቆሜ ነበር» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ? ቁጭ በል!» አለች ሚስቱ።

«ተቀምጬ ነው የኖርኩት።» ድምፁ ደክሟል፣ ግን ይሰማል። «ከገንዳችን ሥር ሲያወጣው ቆሜ ነበር። ራስሽ ነሽ የጣልሽው። ‹ልጅቷን አስጠሯት› አለ፤ ሳቅሽ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህ ሰው ከኛ ምንም አልወሰደም። ስሙን ነው የወሰድንበት።»

እመቤቲቱ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። የሚያያት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ቦርሳዋን ከብብቷ ሥር አጥብቃ በጎን በር ወጣች። ሐብሉን አልጠየቀችም። የእውነት ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ‹እኔው ነኝ የጣልኩት› የምትለው አንዲት ቃል እስከ መጨረሻው ከአፏ አልወጣችም።

«ለእሷ ይሁን» አለ ፋርማሲስቱ ሐብሉን ከአጎቷ መዳፍ ወስዶ ወደ ሰፊዋ እየዘረጋ። «ካሳ ባይሆንም።»

«ሌባ ተብዬ ከወጣሁበት፣ አሁን አንገቴ ላይ አድርጌው ልሂድ?» አለች ሰፊዋ። «ይውሰዱት ጋሼ። ኪስዎ ውስጥ ግን አይክተቱት።»

አልከተተውም። መዳፉን ዘርግቶ፣ ወርቁን ላዩ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ባርኔጣ የሌለው ራሱ ለፀሐይ ተሰጥቶ በዋናው መንገድ መሐል ሄደ። ሱቅ በረንዳ ላይ ያሉት እየተነሱ አዩት።

ሰዉ ተበተነ። የኪራይ ወንበሮቹ መኪና ላይ ሲደራረቡ ይሰማል። አጎቷ የሟቹን ኮት አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለው፤ በሸሚዝ ብቻ ቀርቶ አካፋውን አነሳ።

«ልሙላው?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«በአካፋ አይደለም።»

ልጅቱ ጉድጓዱ ዳር ተንበረከከች፤ ሰፊዋም ማንም ሳይጠይቃት አጠገቧ። ልጅቱ ከክምሩ አንድ ቆርኪ መረጠች፣ ቀለሙ የጠፋውን፣ ጠርዙ የተቆለመመውን። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጣት ለካች። አስቀመጠችው። አፈሩን በእጇ መለሰችለትና በመዳፏ መታ አደረገችው። አንዴ። ሁለተኛውን ሳትመታ እጇ አፈሩ ላይ እንዳረፈ ቀረ፤ ሰፊዋ ጠጠር ይዛ ጠበቀቻት።